ዓድዋን ሁለት ሰዓት አይተው «የጦር ሜዳ የለም» ላሉት ጸሐፊ

ሰሞኑን አንድ የጉዞ ማስታወሻ አነበብኩ። ጸሐፊው ለመሥሪያ ቤታቸው ጉዳይ አክሱም ሄደው ሳለ የጠዋቱ ስብሰባ ወደ ከሰዓት ይተላለፍባቸዋል። ጊዜው ባዶ ከሚያልፍ ብለው መኪና ተከራይተው ዓድዋ ደርሰው ይመለሳሉ። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ቆይተዋል። ከዚያች ሁለት ሰዓት ተነሥተው የጻፉት ግን ስለ ጦርነቱም፣ ስለ ድሉም፣ ስለ አካባቢው ሕዝብም ፍርድ የሚሰጥ ረጅም ጽሑፍ ነው።

የጽሑፉ ሐሳብ ሲጨመቅ ይህ ነው። በዓድዋ ሰው ሄዶ የሚያየው የጦር ሜዳ የለም። ድሉ የቁጥር ብልጫ እንጂ የጥበብ ውጤት አይደለም። ደግሞም ጣሊያኖች የተሸነፉት በካርታ ስህተት ስለሆነ የአጋጣሚ ነገር ነው። በምርኮኛ አስካሪዎች፣ ማለትም ከጣሊያን ጎን ተሰልፈው በተዋጉት የአገር ተወላጅ ወታደሮች ላይ የተፈጸመው ቅጣት ለጉብኝት የሚያበቃ ክብር አላስቀረም። አዲስ አበባ ላይ ትልቅ መታሰቢያ ስለተሠራ ከእንግዲህ እስከዚያ መድከም አያስፈልግም። የከተማው ሰውም ቢሆን ለጉዳዩ ግድ የለውም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ሦስቱንም ጊዜ ተናደድኩ። ጸሐፊው ከጻፏቸው ነገሮች ውስጥ አንዱ ሙሉ በሙሉ እውነት መሆኑንና እርሱን በደስታ ሳይሆን በኀዘን እንደምቀበል ግን ከወዲሁ ልናገር። ቦታው ሲደርስ እመለስበታለሁ።

እኔ ቀያሽ ነኝ፤ እንጀራዬ ተራራና ሸለቆ መለካት ነው። በ2010 ዓ.ም. ከዓድዋ በስተምሥራቅ ለሚሠራ የገጠር መንገድ ቅየሳ ከሁለት ባልደረቦቼ ጋር ተልኬ ነበር። ሥራው አራት ቀን ወሰደ። ለራሴ የተረፈኝ ጊዜ አንድ እሑድ ጠዋት ብቻ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ቢሆን ነው። ስለዚህ የጸሐፊውን ጉብኝት ማጠር አልነቅፍም። ለሥራ የተላከ ሰው ጊዜው የራሱ አይደለም። የምነቅፈው ከመኪናው መንገድ ሳይርቁ ያላዩትን ነገር «የለም» ብለው መጻፋቸውን ነው።

ከመጀመሪያው ልነሣ። ጸሐፊው ከተማው ውስጥ ሦስት ሰዎችን «ጦርነቱ የት ነው የተካሄደው?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ሁለተኛው ወደ ምሥራቅ ራቅ አድርጎ፣ ሦስተኛው ወደ አባ ገሪማ ገዳም ጠቆማቸው። ከዚህ ተነሥተው ቦታውን በውል የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ደመደሙ።

ሦስቱም ሰዎች ልክ ነበሩ።

ዓድዋ ላይ ሁለት ጦር ፊት ለፊት ተሰልፎ የተዋጋበት አንድ ሰፊ ሜዳ የለም። የኢጣሊያው ጄኔራል የባራቲዬሪ ጦር የካቲት 22 ቀን 1888 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከሰፈረበት ከሳውሪያ ተነሣ። ወደ 17,700 የሚጠጋ ወታደርና 56 መድፍ ነበረው። በአራት ብርጌድ ተከፍሎ ነበር። አልቤርቶኔ አስካሪዎቹን ይዞ በግራ፣ አሪሞንዲ በመካከል፣ ዳቦርሚዳ በቀኝ፣ ኤሌና ደግሞ ከኋላ በተጠባባቂነት ተንቀሳቀሱ። ሐሳቡ ሳይነጋ ከዓድዋ በስተምሥራቅ ያሉትን ኮረብታዎችና በመካከላቸው ያሉትን መተላለፊያ በሮች ይዞ፣ ምኒልክ ወይ እንዲያጠቁ ወይ እንዲያፈገፍጉ ማስገደድ ነበር። ነገር ግን ሌሊቱን የአልቤርቶኔና የአሪሞንዲ ሰልፎች መንገድ ላይ ተገናኙና አሪሞንዲ ሌላውን ለማሳለፍ ቆሞ መጠበቅ ግድ ሆነበት። ሲነጋ አልቤርቶኔ ከሌሎቹ ስድስት ኪሎ ሜትር ያህል ቀድሞ ወደ አባ ገሪማ አቅጣጫ ገብቷል። አሪሞንዲ ራዕዮና በላሕ ከሚባሉት ተራሮች ዘንድ ነው። ዳቦርሚዳ ደግሞ አልቤርቶኔን እንዲደግፍ ታዝዞ ሳለ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ማርያም ሸዊቶ ሸለቆ ውስጥ ገባ። እንግዲህ ሦስት ውጊያ በሦስት ቦታ ተካሄደ ማለት ነው። ገዳሙን የጠቆማቸው ሰው የአልቤርቶኔን፣ ራቅ አድርጎ ወደ ምሥራቅ የጠቆማቸው የአሪሞንዲን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ የጠቆማቸው የዳቦርሚዳን ውጊያ እያሳያቸው ነበር። ሦስት የከተማ ሰው፣ ያለ መጽሐፍ፣ የየካቲት 23ን የጦር ካርታ በእጃቸው ሥለውላቸዋል። ጸሐፊው አላስተዋሉትም።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ነገር ልጨምር። ቅየሳ በጀመርን በሁለተኛው ቀን የመለኪያ ዘንግ የሚይዝልኝ ወጣት ከአንዲት ጉብታ ጀርባ ተሰወረብኝ። በመካከላችን ያለው ርቀት 700 ሜትር አይሞላም። ጮኽኩ፤ አልሰማም። ስልክ አልያዘም። አንዱ ባልደረባዬ ጉብታዋን ዞሮ እስኪያገኘው ድረስ ሃያ አምስት ደቂቃ ቆምን። ያ አገር እንዲህ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ጥቂት ሹል ተራሮች የቆሙበት ክፍት ቦታ ይመስላል። ሲገቡበት ግን እያንዳንዱ ሸለቆ በሩ የተዘጋ ክፍል ነው፤ ከአንዱ ሆኖ ሌላው አይታይም፣ ድምፅም እንደልብ አይሻገርም። ዳቦርሚዳ ማርያም ሸዊቶ ውስጥ እስከ ከሰዓት በኋላ ድረስ ሲዋጋ የዋለው፣ ከእርሱ በስተግራ የነበረው ጦር ከቀትር በፊት አልቆ፣ መካከለኛውም ተሰብሮ ሳለ ነው። ይህንን መጽሐፍ ላይ ሳነበው «እንዴት ሳይሰማ ቀረ?» እል ነበር። ያንን ልጅ ፍለጋ ከቆምኩ በኋላ ግን አልጠየቅኩም።

እንግዲህ የጦር ሜዳ የለም ለተባለው መልሴ ይህ ነው። ሜዳ በሚለው ቃል ተታለዋል።

ሁለተኛው ነጥብ የቁጥር ነው። አንድ መቶ ሺህ የሚያህል ሰው 17 ሺህ ሰው ላይ ወርዶ አሸነፈ፤ ይህ ምን ይደንቃል ይላሉ ጸሐፊው። ቁጥሩ ትልቅ እንደነበረ እኔም አልክድም። የኢትዮጵያ ጦር ብዛት 100,000 ገደማ እንደነበረ ይገመታል። ግን ሰው ሲበዛ የሚያስገኘውን ጉልበት የሚያስብ ሰው፣ የሚያስከትለውንም ሸክም ያስብ።

አንድ ሰው በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ይብላ ብንል፣ መቶ ሺህ ሰው በቀን 500 ኩንታል ይበላል። አንድ በቅሎ አንድ ኩንታል ትሸከም ብንል፣ ለአንድ ቀን ቀለብ ብቻ 500 በቅሎ ያስፈልጋል። በቅሎዎቹ ራሳቸው ይበላሉ፤ ይጠጣሉ። ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ 1,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቡር የለም፣ የመኪና መንገድ የለም። ያለው በየሰዉ ጀርባና በየአጋሰሱ ላይ የተጫነ በሶ፣ ቆሎና ድርቆሽ ነው። ይህ ሁሉ የሆነው ደግሞ ክፉ ቀን ካለፈ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው ነው። ከ1880 ጀምሮ በከብት እልቂት በሬው አልቆ፣ ማሳው ጦም አድሮ፣ ሕዝቡ በረሃብ እንደቅጠል ረግፎ ነበር። ከዚያ ረሃብ የተረፈ ገበሬ ስንቁን አሰናድቶ፣ ሚስቱን ወይም ልጁን አስከትሎ፣ ወራት ተጉዞ ዓድዋ ደረሰ። ያንን ቁጥር ጸሐፊው ከሰማይ የወረደ አድርገው ጻፉት። ቁጥሩን ማምጣትና በአንድ ቦታ ማቆየት ራሱ የድሉ ግማሽ ነው።

ሲቀጥል፣ ቁጥሩ መጠበቅ አይችልም ነበር። የካቲት ሲጋመስ የአካባቢው እህል ተሟጥጦ፣ ሠራዊቱ ቀለብ ፍለጋ በየአቅጣጫው ይሰማራ ነበር። ምኒልክ ከዚያ ቦታ ለመነሣት ጥቂት ቀን ነበር የቀራቸው። ባራቲዬሪም ስንቁ እያለቀበት ወደ ኋላ ማፈግፈግ ያስብ ነበር። ከሮም የጠቅላይ ሚኒስትር ክሪስፒ ቁጣ፣ ከጎኑ የጄኔራሎቹ ግፊት ወደ ፊት ገፋው። ሁለት የተራቡ ሠራዊቶች ማን ቀድሞ ይንቀሳቀሳል ብለው በሚተያዩበት ሰዓት ወሬ ከመድፍ ይበልጣል። እዚህ ላይ ባሻ አውዓሎም ይመጣል። ለጣሊያኖቹ የሚሰልል መስሎ፣ የምኒልክ ጦር እህል ፍለጋ ተበትኗል፣ ሰዉም ለበዓል ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄዷል የሚል ወሬ ያደረሰላቸው ሰው ነው። የካቲት 23 ሰንበትም ነበር፣ የጊዮርጊስ ዕለትም ነበር። ወሬው ግማሽ እውነት ስለነበረ ነው የተዋጠው። ጸሐፊው በጠቅላላ ጽሑፋቸው ውስጥ የአውዓሎምን ስም አንድ ጊዜ እንኳ አላነሡም። ዓድዋ ድረስ ሄዶ የዚያን አገር ልጅ ሳያነሡ መመለስ ይቅር የማይባል ጉድለት ነው።

ከመቀሌም የተረሳ ነገር አለ። ከዓድዋ በፊት በጥር ወር ጣሊያኖች የያዙት የእንዳ ኢየሱስ ምሽግ እጅ የሰጠው የሰው ጎርፍ ስለሄደበት አልነበረም። በግንባር የተሞከረው ጥቃት ብዙ ሰው ፈጅቶ አልተሳካም ነበር። ምሽጉን ያንበረከከው እቴጌ ጣይቱ የውኃውን ምንጭ አስይዘው መቁረጣቸው ነው። ምንጩ ከግንቡ ውጪ መሆኑን አይቶ ጦሩን ከግንቡ ወደ ምንጩ ማዞር መሬትን ማንበብ ነው። እኛ ቀያሾች ለዚህ ሥራ ደመወዝ ይከፈለናል።

አሁን ወደ ካርታው ልምጣ፤ ጽሑፉን እንድጽፍ ያስነሣኝ ከሁሉም ይልቅ ይህ ነው። ጸሐፊው እንዲህ ይላሉ፤ ባራቲዬሪ በሰጠው ንድፍ ላይ የአንድ ኮረብታ ስም ተሳስቶ ስለነበር አልቤርቶኔ ያለቦታው ሄደ፣ ስለዚህም ሽንፈቱ የአጋጣሚ ነው። እውነታው ላይ አልጣላም። በንድፉ ላይ «ኪዳነ ምሕረት» ተብሎ የተጻፈው ኮረብታ እውነተኛው እንዳ ኪዳነ ምሕረት አልነበረም። አልቤርቶኔ ንድፉ ያመለከተው ቦታ ሲደርስ መንገድ መሪዎቹ ትክክለኛው ኪዳነ ምሕረት ገና ወደፊት መሆኑን ነገሩት፤ እርሱም ቀጠለ። በዚህ የተነሣ ብቻውን ከኢትዮጵያ ጦር መሐል ገባ።

«አጋጣሚ» የሚለው ቃል ነው ያንገበገበኝ።

በትግርኛ «እንዳ» ማለት ቤት ወይም ስፍራ ማለት ነው። እንዳ ኢየሱስ፣ እንዳ ሥላሴ፣ እንዳ ማርያም ይባላል። በዚያ አገር የመሬቱ ስም ብዙ ጊዜ የቤተ ክርስቲያኑ ስም ነው። ታቦት ደግሞ በአንድ ስም ብዙ ቦታ ይተከላል። ባህር ማዶ ያደገ መኮንን ኮረብታውን በመነጽር አይቶ፣ ስሙን ከአንድ ሰው ሰምቶ ወረቀት ላይ ሲያሰፍር አንድ ስም አንድ ቦታ ብቻ ያለው ይመስለዋል። የአገሩ ሰው ግን የትኛው ኪዳነ ምሕረት እንደሆነ ሳይጠይቅ አንድ እርምጃ አይሄድም። በቅየሳው ጊዜ እኔም ራሴ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ሁለት ማርያም አጋጥሞኝ፣ ገበሬው «የላይኛዋ ነች የታችኛዋ?» ብሎ ካልጠየቀኝ ችካሌን የሌላ ሰው ማሳ ላይ ልተክል ነበር። ኢጣሊያ በ1882 ኤርትራን ቅኝ ግዛት ብላ ስታውጅ ዓድዋ ከድንበሯ ብዙም የራቀ አልነበረም። ስድስት ዓመት ሙሉ ጎረቤት ሆነው፣ ዓድዋንም ራሷን ይዘው ወጥተው፣ ከከተማዋ ብዙም ያልራቀችን አንዲት ኮረብታ በስሟ አላወቋትም። ያለማወቃቸው ምክንያት ሰዉን ለማወቅ የሚበቃ ነገር አድርገው ስላልቆጠሩት ነው። የአገሩን ሠርዶ ባገሩ በሬ ይባላል። ይህን ንቀት አጋጣሚ ብሎ መጥራት ለንቀቱ ሽፋን መስጠት ነው።

ደግሞ ስህተቱን ወደ ሽንፈት የለወጠው ማን ነው? አልቤርቶኔ ስድስት ኪሎ ሜትር ቀድሞ ቢገባ፣ ፊት ለፊቱ ያለው ሰው ተኝቶ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ ዝና ይሆንለት ነበር። ከንጋቱ 12 ሰዓት ገደማ ተኩሱ ሲከፈት ግን ከእያንዳንዱ ሰፈር የየራሱ መሪ ሠራዊቱን አንቀሳቀሰ። ራስ መኮንን፣ ራስ ሚካኤል፣ ራስ መንገሻ፣ ራስ አሉላ፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት፣ ዋግሹም ጓንጉል በየግንባራቸው ተሰለፉ። ረፋዱ ላይ የአልቤርቶኔ ብርጌድ ተፈታ፤ እርሱም ተማረከ። ቀትር አካባቢ መካከለኛው ጦር ተሰበረ፣ አሪሞንዲ ወደቀ። በመቀሌው ምሽግ የጣሊያኖቹ አዛዥ የነበረው ጋሊያኖም እዚያው ሞተ። ከዚያ ያው ሠራዊት ዞሮ ማርያም ሸዊቶ ወረደና ዳቦርሚዳ ተገደለ። በአንድ ቀን፣ በእግር፣ ያለ ስልክና ያለ ሬዲዮ፣ እኔ አንድ ዘንግ ያዥ ወጣት በጠፋብኝ መሬት ላይ! ፊታውራሪ ገበየሁን የመሰሉ የወደቁበትን፣ ከኢትዮጵያውያንም ወገን በሺዎች የሚቆጠሩ የሞቱበትን ቀን «የካርታ ስህተት» ብሎ መዝጋት እጅግ ያሳዝናል።

አሁን ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ነጥብ ደረስኩ።

ከድሉ በኋላ ወደ 800 የሚጠጉ የተማረኩ አስካሪዎች ቀኝ እጃቸውና ግራ እግራቸው ተቆርጧል። ይህ ሆኗል። በዚያን ዘመን ለከዳተኛ የሚሰጥ የታወቀ ቅጣት ነበር መባሉ ነገሩን ያብራራል እንጂ አያቀለውም። ኢጣሊያኖቹ ምርኮኞች ግን አዲስ አበባ ድረስ ተወስደው፣ የጥቅምት 1889 የሰላም ውል ሲፈረም ወደ አገራቸው ተመለሱ። ባዕዱ በሕይወቱም በአካሉም ተመለሰ፤ የሐማሴኑ፣ የአካለ ጉዛዩ፣ የሠራዬው ልጅ ግን አካሉን አጥቶ በዚያው በተራሮቹ መካከል ቀረ። ከእነዚህ ሰዎች መካከል በክፉ ቀን ቤተሰቡ አልቆበት፣ ለአስካሪነት ደመወዝ ሲል የገባ ስንቱ ይሆን? «ባንዳ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔ በትምህርት ቤት የዓድዋን ድል ስማር ስለ እነርሱ አንድም ቃል አልተነገረኝም፤ ያወቅኩት ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ጸሐፊው ይህን በማንሣታቸው አመሰግናቸዋለሁ።

ከዚህ እውነት ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ግን ከእኔ አይገጥምም። ስለዚህ አንሂድ ይላሉ። እኔ ስለዚህ ደግሞ እንሂድ እላለሁ። በ2010 በሄድኩበት ጊዜ ስለ እነዚያ ሰዎች የሚናገር አንድም የድንጋይ ጽሑፍ አላየሁም። በድሉ የምንኮራ ልጆች እዚያ ቆመን ስለ እነርሱ ካልተናገርን፣ የሚናገርላቸው የቀረ ማን ነው? ሄዶ የሚቆም ሰው ድሉንም ግፉንም በአንድ ዓይን ያያል። የማይሄድ ሰው ከሁለቱ አንዱን ብቻ መርጦ ቤቱ ይቀመጣል።

አዲስ አበባ ስላለው መታሰቢያ ብዙ አልጽፍም። የካቲት 2016 ላይ ፒያሳ የተመረቀውን መታሰቢያ ልጆቼን ይዤ አይቼዋለሁ፤ ወድጄዋለሁም። ዓድዋ መሄድ የማይችል ሰው ብዙ ስለሆነ መሠራቱ ተገቢ ነው። መታሰቢያው «ዓድዋ ዜሮ ኪሎ ሜትር» በሚል ስምም ይጠራል፤ ይህ ስም ግን ለቀያሽ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ርቀት የሚቆጠረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ከዚያ ተነሥቶ የሚሄድ ሰው ያስፈልገዋል። በእግራቸው እስከ ዓድዋ የተጓዙት ወጣቶች ይህን ከእኔ ይልቅ ያውቁታል።

የመጨረሻው ክስ የከተማው ሰው ግድ የለውም የሚለው ነው። ጸሐፊው አውቶቡስ መናኸሪያ አጠገብ ሦስት ወጣቶች አነጋግረው፣ ስለ ምኒልክ ሳይሆን ስለ ሥራ ማጣትና ስለ ዋጋ ውድነት እንዳወሩባቸው ጽፈዋል። በእውነት ምን ሊያወሩ ኖሯል? ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ዓድዋና አካባቢዋ ያዩትን ሁላችንም እናውቃለን። ከእንዲህ ያለ መከራ የወጣ ወጣት በመኪና መጥቶ በመኪና ለሚሄድ እንግዳ የቅድመ አያቱን ጀግንነት እንዲዘምርለት መጠበቅ ልብ ማጣት ነው። ስለ ሥራ የጠየቀ ልጅ የሚጠይቀውን ያውቃል። እዚያው ተቀምጠው ሻይ ቢጋብዙትና ወሬውን ቢያዳምጡት፣ ነገር ከነገር ሲያያዝ ዓድዋም ይመጣ ነበር።

እኔን ያጋጠመኝን ልንገር። በዚያች እሑድ ጠዋት ወደ አባ ገሪማ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብዬ አንድ እርከን ላይ ቆሜ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አገኙኝ። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ነው፣ በእጃቸው መቋሚያ ይዘዋል። ባሕረ ሐሳብ የምቆጥር መስሏቸው ይሁን አላውቅም፣ የያዝኩትን ካርታ አይተው «ወደይ፣ ምን ጠፋህ?» አሉኝ፤ «ልጄ» ማለታቸው ነው። የምፈልገውን ነገርኳቸው። አማርኛቸው እንደልብ ባይሆንም ተግባባን። ከእግራችን ሥር ያለውን ማሳ አሳይተው፣ አያታቸው ያንን መሬት ሲያርሱ ማረሻቸው እያጠለቀ ቀለሃ ያወጣ እንደነበር ነገሩኝ። አሁንስ ይወጣል ወይ አልኳቸው። «አሁን የሚወጣው ሌላ ነው» ብለው ዝም አሉ። ይህ ከትግራይ ጦርነት በፊት ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራን ጦርነት እንዳሰቡ ገባኝና እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስብ ያ ዝምታቸው ይመለስብኛል። በሕይወት ካሉ ዛሬ ምን ይሉኝ እንደነበር አላውቅም። ግድ የላቸውም የሚል ሰው ግን በፊቴ እንዲቆም አልፈልግም።

እንደ ጸሐፊው ለሥራ ሄዶ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት ብቻ የሚተርፈው አንባቢ ካለ፣ ከልምዴ ይህን እመክራለሁ። ከአክሱም ወደ ዓድዋ መንገዱ አጭር ነው፤ በማለዳ ይነሡ። ከተማው ውስጥ ጊዜ አያጥፉ፤ በቀጥታ በስተምሥራቅ ወጥተው የአባ ገሪማን መንገድ ይያዙ። ገዳሙ ከተሰዓቱ ቅዱሳን አንዱ በሆኑት በአባ ገሪማ ስም የተሰየመ ነው፤ በዓለም ካሉት እጅግ ጥንታዊ ሥዕላዊ የወንጌል መጻሕፍት መካከል የሚቆጠሩትም እዚያ ይገኛሉ። ሴቶች ወደ ገዳሙ ውስጥ አይገቡም፤ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል። መድፉ ሲያስተጋባ መነኮሳቱና መጻሕፍቱ እዚያው ነበሩ። ገዳሙ ሳይደርሱ መኪናውን አቁመው ከየትኛውም ጉብታ ላይ ሃያ ደቂቃ ይውጡ። ሰማያታ የሚባለውን ተራራ ያያሉ፣ ከዚያ ወዲያ የራዕዮን ጫፍ ይፈልጉ። ጠያቂ ይሁኑ፤ ከገበሬ የተሻለ መሪ የለም። ማርያም ሸዊቶ በዚያው ቀን ላይደርስልዎት ይችላል። አቅጣጫውን ብቻ አይተው፣ በመካከል ስንት ሸንተረር እንዳለ ይቁጠሩ። እኔ እስከ አምስት ቆጥሬ ተውኩት።

በመጨረሻ ስለ ፎቶው። ጽሑፉ ከአንድ ትልቅ ፎቶ ጋር ነው የወጣው፤ ጸሐፊው ከመንገድ ዳር ቆመው ከፊታቸው ያለውን ተራራ አንሥተው፣ ከሥሩ «የዓድዋ ጦር ሜዳ ይህ ብቻ ነው» የሚል ጽፈዋል። ተራራው ሶሎዳ ነው። ሶሎዳ ውብ ነው፤ ዓድዋ ሲባልም በሰው ልብ የሚመጣው እርሱ ነው። ነገር ግን ሶሎዳ ከከተማው በስተሰሜን ነው፤ ሦስቱም ውጊያዎች የተካሄዱት ከከተማው በስተምሥራቅ ነው። ጸሐፊው ያንን ፎቶ ሲያነሡ የጦር ሜዳው በቀኝ እጃቸው በኩል ነበር፣ ከፎቶው ጠርዝ ትንሽ ወጣ ብሎ።